የሹራብ ጣራ

ካሰች ስትናደድ ማሽኗ ይፈጥናል። ይህን በሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በእሷ ሰፈር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። የሹራብ ማሽኗ የተተከለው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቋ በር ላይ ነው። እጀታው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ድምፁ ረጋ ያለ ከሆነ አላፊ አግዳሚው ጎራ ብሎ ሰላም ይላታል፤ ከፈጠነ ግን ደንበኛ እንኳ ቢሆን ድንገት ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው መንገዱን ይቀጥላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማሽኑ ረጋ ብሎ የዋለበት ቀን ከተሰማ ቆይቷል።

የምትሠራው የተማሪ ሹራብ ነው። ሙያውን የተማረችው ልጃገረድ ሳለች ከሀዋሳ ወጣ ብላ በምትገኘው ቱላ ሲሆን፣ ያስተማሯትም የቸርቹ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ሀዋሳ ገባች፤ ሙሴ የሚባል ባጃጅ ነጂ አገባች። ሙሴ ነገር የማይወድ ሰው ነው። መንገድ የዘጋበትን ሹፌር እንኳ «ይለፍ፣ ቸኩሎ ይሆናል» ይላል። ካሰችን ከሚያበግኗት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። «የሁለታችንን ንዴት ብቻዬን የምሸከመው እስከ መቼ ነው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ እሷ ይብስባታል። ሲብስባት ደግሞ አማርኛው ያልቅባትና በእናት ቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ ትቀጥላለች።

ይህ ሁሉ ንዴት የመጣው ግን ከሮሆቦት በኋላ ነው።

ሮሆቦት የስምንት ዓመት ልጃቸው ናት። አልቢኒዝም አለባት፤ ቆዳዋ ነጭ ነው፣ ፀጉሯ የበቆሎ ፀጉር ይመስላል፣ ዓይኖቿ ብርሃን አይችሉም። የተወለደች ዕለት የሙሴ እናት ሆስፒታል ድረስ መጥተው ሕፃኗን ገለጥ አድርገው አዩና «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ብለው ጠየቁ። ካሰችም «ከሆዴ» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የላቸውም።

ሐኪሙ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ፀሐይ እንዳያገኛት። የሀዋሳን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ካሰች በቀጭን የጥጥ ክር እስከ ጣት የሚደርስ እጅጌ ሠራች፣ አንገት የሚሸፍን ባርኔጣ ሠራች። ቤት ውስጥና መንገድ ላይ ልጇን ከፀሐይ ጠበቀቻት። ትምህርት ቤት ላይ ግን አቃታት።

የትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረው። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ተቆረጠ፤ የተተካ ነገር የለም። አሁን ሜዳው ከአጥር እስከ አጥር ጠራራ ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆች ሁሉ እየተንጋጉ ሲወጡ ሮሆቦት ክፍል ውስጥ ትቀራለች፤ ትምህርት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። እንዲህ እንዲሆን ያዘዘው ዳይሬክተሩ አቶ አለሙ ነው። አንድ ቀን ካሰች የተረሳ ባርኔጣ ልታቀብላት ሄዳ በመስኮት አየቻት። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። ዴስኮቹን በክፍል ጓደኞቿ ስም እየጠራች፣ አንዱን እየገሠጸች፣ ከሌላው ጋር እየሳቀች ትጫወታለች። ካሰች ባርኔጣውን እንደ ጨበጠች ቀጥ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ነጎደች።

«ልጄ የታሰረችው ምን ሰርቃ ነው?»

«ወይዘሮ ካሰች፣ ይረጋጉ እንጂ። ማን አሰራት? ለራሷ ደኅንነት ብለን ነው።»

«ለራሷ ከሆነ ጥላ ይሥሩላት!»

አቶ አለሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ጣራው የሚያፈስ ክፍል አለበት፣ ውሃ የሌለው ሽንት ቤት አለበት። «ለአንድ ልጅ ተብሎ እኮ…» ብሎ ጀመረና የካሰችን ዓይን ሲያይ ሳይጨርሰው ተወው። ቢጨርሰው ይሻል ነበር። ያልተጨረሰው ነገር ካሰች ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ሌሊት ሌሊት ሲጮህባት ከረመ። ያን ሰሞን ማሽኑ በንዴት ብዛት ሁለት መርፌ ሰበረ።

መቅደስ የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። መቅደስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አርክቴክቸር የምታስተምር፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። ሱቁ በር ላይ ቆማ ማሽኑን ስታይ ቆየችና «እትዬ ካሰች፣ በዚህ ማሽን ጣራ ቢሠሩልኝ ብዬ ነው» አለቻት።

ካሰች ቀና ብላ አየቻት። «ቤት በርዶት ነው?»

መቅደስ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ከተደረደሩት ሹራቦች አንዱን አነሳች፤ እጅጌውን ለቀቅ አድርጋ ስታንጠለጥለው ልፍስፍስ አለ። ከዚያ ሁለት የሽቦ ማንጠልጠያ ደጋን አድርጋ አጠፈችና እጅጌውን በግድ ወጥራ አለበሰቻቸው። «አሁን ይንኩት።» ካሰች ነካችው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ጠንክሯል። ሸማ እንዲህ ቢጎተት ይቀደዳል፤ ሹራብ ግን ክሩ በቀለበት በቀለበት ስለተያያዘ ወደጎተቱት ሁሉ ይሄዳል፣ ሲወጠርም ቅርጹን ይይዛል። መቅደስ ያሰበችው ዓሣ አጥማጆች መረብ ከሚሠሩበት ናይለን ሰፊ ሹራብ አሠርታ፣ ጎንበስ ባሉ የብረት ቧንቧዎች ላይ ወጥራ፣ ብዙ ብረትና ቆርቆሮ የማይፈልግ የግቢ ጥላ መትከል ነው። የቀራት ሠሪና ቦታ ነበር።

«ቦታውን እኔ እመርጣለሁ» አለች ካሰች። «እሺ ካልሽ ለእጄ ሳንቲም አልፈልግም። እምቢ ካልሽ ሌላ ሹራብ ሠሪ ፈልጊ።»

መቅደስ እሺ አለች። በማግሥቱ ሁለቱም ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ካሰች ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር፤ በመንገድ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የምትጸልይ መስሎት ይሆናል። ጠብ ግን አላስፈለገም። አቶ አለሙ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሻይ አስመጣ፤ ሻዩ ሳይበርድ ፈቀደ። ሁለት ዓመት ለእናት የተከለከለው ነገር ለመምህርት በአንድ ብርጭቆ ሻይ ተሰጠ! ካሰች ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሻይዋን ሳትነካ ወጣች።

ሥራው ተጀመረ። ናይለኑ እንደ ጥጥ ክር አይደለም፤ ጣት ይቆርጣል፣ መርፌ ያጣምማል። ካሰች ቀን የተማሪ ሹራብ እየሠራች ማታ ማታ የጣራውን ቁራጮች ታወጣለች፤ ከዚያም በኪሮሽ ታያይዛቸዋለች። መቅደስ ልኩን ሰጥታታለች፤ ደግማ ደጋግማም ነግራታለች። ሹራቡ ከብረቱ ስፋት በሲሶ ያነሰ መሆን አለበት። አንሶ ይሠራል፣ በግድ ይወጠራል፤ ጥንካሬው ከመወጠሩ ነው።

ካሰች ሰማች። ጆሮዋ ሰማ፤ እጇ ግን አልሰማም። ይህች ሴት ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስትሠራ ለማንም ልጅ በልኩ ሠርታ አታውቅም። የትኛዋ እናት ናት የልጇን ልክ አምጥታ የምትሄደው? ሁሉም «ማደጊያ ተዪለት» ትላለች። እጅጌው ሁለት ጊዜ ይታጠፍ፣ ወገቡ ይስፋ፣ ለሚመጣው ዓመትም ይድረስ። ጠባብ ሹራብ ያወጣች ሠሪ ስሟ ይጠፋል። ሲሶ የጎደለው ጣራ ካሰች ዓይን ውስጥ ሲገባ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠባብ ጥላ። ሮሆቦት ደግሞ መሮጥ አለባት። ሰው እንዴት ለልጁ ጥላ ይሰስታል? በየቁራጩ ጫፍ ላይ ትንሽ ትንሽ ጨመረች። ለመቅደስ አልነገረቻትም።

ሙሴ የተያያዘውን ሹራብ ደጅ ተዘርግቶ ሲያየው «ሰፋ አላለም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ባጃጅህን ንዳ!» አለችው። እሱም ሄደ።

የተሰቀለው አንድ ቅዳሜ ነው። የመቅደስ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ቧንቧዎቹን አጉብጠውና በይደው አምጥተው ተከሉ። ያ ሰሞን መቅደስ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዳ ስለነበር ሰቀላውን የመሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ሹራቡ ብዙ ሳይታገል በቀላሉ ገባላቸው። መሃሉ ላይ ወደ ታች ወረድ ብሎ እንደ ሆድ ተንጠለጠለ። አንዱ ተማሪ «እንዲህ ነበር እንዴ?» ሲል ካሰች «ያምራል፣ ተወው» አለችው። ማን ደፍሮ ይከራከራታል!

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሮሆቦት ወጣች። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ የባርኔጣዋን ጫፍ ይዛ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሮጠችና ጥላው ውስጥ ገባች። እዚያ ስትደርስ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች ዝም ብላ ተሽከረከረች። አጥሩ ሥር የቆመችው ካሰች የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። ያን ሳምንት ማሽኑ ቀስ ብሎ ሠራ፤ ሰፈሩም ገብቶ ሰላም አላት።

ደስታው እስከ በልጉ ዝናብ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታቦር ተራራ በኩል የጠቆረው ሰማይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አወረደ። ዝናቡስ በቀለበቶቹ ሾልኮ ያልፍ ነበር፤ በረዶው ግን አላለፈም። በተንጠለጠለው ሆድ ውስጥ ተከማቸ፣ ከበደ፣ ሹራቡን ወደ ታች ሳበ። ሹራቡ ብረቱን ሳበ። አንዱ ቧንቧ ከመሠረቱ ተነቅሎ ሁሉም ነገር ሜዳው ላይ ተደረመሰ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ማንም አልተጎዳም።

«እረፍት ሰዓት ቢሆንስ?» አለ አቶ አለሙ በማግሥቱ። ካሰችን ጥያቄው እንደ እሳት ለበለባት። በሩ ላይ ለተሰበሰቡት ወላጆች ሁሉ «ብረታቸው ነው! የዩኒቨርሲቲ ልጆች የበየዱት ነው፣ በኔ ሹራብ ምን አለ?» እያለች ጮኸች። ወላጆቹም ተቀበሏት። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች መምህርት በልጆች ላይ ሙከራ ልትሠራ ብላ ልትጨርሳቸው ነበር ተባለ። መቅደስን አለቆቿ ጠርተው ሥራውን እንድታቆም ነገሯት። ሮሆቦት ወደ ዴስኮቿ ተመለሰች።

መቅደስ ሱቁ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ሰላም አላለችም። ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ያወጣችውን የሹራቡን አንድ ቁራጭ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ሜትሩን አጠገቡ ዘረጋች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ካሰች።

«ይዩታ!»

ካሰች አላየችም። ማሽኗን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ እጀታው ይሮጣል።

«እትዬ ካሰች፣ ልኩን ሰጥቼዎት ረስተው ነው ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች መቅደስ። ልጅቷ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። «አሁን ሳይዎት ግን አልረሱም። ያውቁ ነበር። አውቀው ነው ያሰፉት! ልጆች ቢሞቱስ? ስሜ በየበሩ ሲጠራ ይሰማሉ፣ ዝም ብለዋል!»

ካሰች ማሽኑን አቆመች። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የምትጮኸው እሷ ናት፤ የጮኸባት ሰው የለም። «ልጄ እንድትሮጥ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሲሶ ቁረጪ ትይኛለሽ፣ ሲሶ! ከልጄ ጥላ ላይ ልቁረጥ? አንቺ የተከለከለ ልጅ አለሽ?»

«ቢያስረዱኝ ኖሮ እኮ ብረቱን አሰፋው ነበር!» አለች መቅደስ። «ብረቱ መስፋት ይችል ነበር።»

ካሰች ይህን አላሰበችውም ነበር። ብረት ይሰፋል ብሎ ማን አሰበ? ሰው ያድጋል፣ ሹራብ ይሰፋለታል፤ የምታውቀው ይሄን ነው። ቁጭ ብላ የተዘረጋውን ሹራብ በስንዝር ለካችው። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?» የሚል ሆነ። ያም ቢሆን ድምፁ ሌላ ነበር። መቅደስ ሜትሯን ጠቅልላ ሄደች።

እሑድ ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ የወደቀው ብረት ተቆርጦ ይሸጥ ወይስ ይጣል የሚል ነው። ወንበሮቹ ሜዳው መሃል ተደርድረው ነበር፤ ግን ማን መሃል ይቀመጣል? አቶ አለሙ ንግግሩን ሳይጀምር ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ የሕንፃው ግድግዳ ሥር ያለችው ቀጭን ጥላ ውስጥ ተጣበበ። አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘረጋች፤ ሌሎች ሁለት ጃንጥላዋ ሥር ገቡ። ወንዶቹ ጋዜጣና ኮታቸውን አናታቸው ላይ ጣል አደረጉ። መቅደስ ብቻዋን ዳር ቆማለች። ሙሴ እግሩን እያየ ተቀምጧል።

አቶ አለሙ ስለ መምህርቷ መናገር ሲጀምር ካሰች ተነሣች። ወደ ጥላው አልሄደችም፤ ባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ፀሐዩ ላይ ቆመች።

«መምህርቷን ተዋት» አለች። በንዴቷ እርስዎ የሚለው ጠፍቷታል። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልኩን ሰጠችኝ፣ አልሰማ ብዬ አሰፋሁት። በረዶውን የሰበሰበው የኔ ሹራብ ነው። በር ላይ ቆሜ ሌላ ሰው አሳጣሁ። ይኸው፣ ጥፋቴን ነገርኳችሁ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ ወላጅ «ታዲያ አሁን ምን ትላለች?» አለ።

«አሁን ደግሞ የእናንተን ጥፋት ልናገር!» አለች ካሰች። «ተመልከቱ የት እንደተቀመጣችሁ! ገና ስብሰባው ሳይጀመር ግድግዳ ላይ ተለጠፋችሁ። ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፤ ቆዳችሁ ደኅና ነው። እኔ ልጄ ሁለት ዓመት ዴስክ ስታናግር ኖራለች ስላችሁ አንድ ሰው ምን ሆነሻል አለኝ? ብረቱን ሽጡ። ሽጡና ነገ በእረፍት ሰዓት መጥታችሁ ልጆቻችሁ የቆሙበት ላይ ቁሙ!»

ከዚያ በላይ አማርኛ አልተገኘም፤ በሲዳሙ አፎ ቀጠለች። ከወላጆቹ ብዙዎቹ ያንንም ሰሙት፤ ከአማርኛው ይልቅ የከፋው እሱ ነበር። ሙሴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ እጁን አወጣና «መሠረቱን እኔ እቆፍራለሁ። ጠለቅ አድርጌ» አለ። ከኋላ አንድ ግንበኛ «ሲሚንቶውን እኔ አቦካለሁ» አለ። አቶ አለሙ መሐረቡን ከአናቱ ላይ አንሥቶ ፊቱን ጠረገ። አንድ ክረምት እንየው ብሎ ፈቀደ፤ መምህርቷ ራሷ ቆማ ካላሰቀለች ግን አይሆንም አለ፤ ለአለቆቿም ይህንኑ ሊጽፍላቸው ቃል ገባ።

ካሰች ሹራቡን ፈታችው። ሹራብ ሲፈታ ቀላል ነው፤ ጫፉን ያወቀ ሰው ይጎትተዋል፣ የወራት ሥራ ክምር ክር ይሆናል። ሙሴ እየጠቀለለ እሷ እየጎተተች ጨረሱት። መቅደስ ብረቱን ባለችው መሠረት ሰፋ አደረገችው፤ እንደተመኘችው ያህል ግን አይደለም፤ ቧንቧው የሚችለው ልክ ነበረው። ካሰች በልኩ ሠራች። በየመስመሩ ጣቷ ሊጨምር ሲል ራሷን እየተሳደበች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በልኩ ሠራች። ሲሰቀል አሥር ሰው ላብ እስኪያጠምቀው ጎተተ። ሲያልቅ ዝንብ ቢያርፍበት የሚያነጥር ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በረዶ መጣ፤ ተንከባልሎ ጠርዙ ላይ ወረደ።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ካሰች ግን ያገኘችው ጥላ ካሰበችው ያነሰ ነው፤ ይህ ከአንጀቷ አልወጣም። ጠባብ ነው፤ ልጅ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጦ ጠርዝ ይደርሳል። ሮሆቦት ከሌሎቹ ልጆች ጋር አባሮሽ ልትጫወት ብትል ፀሐይ ላይ ያወጧታል፣ ካልወጣች ይተዋታል። ይህን እያሰበች ማሽኑን ስታስሮጥ ነው ጎረቤቷ ዘነበች ተንደርድራ የገባችው።

«ልጄ በልጅሽ ምክንያት ፀሐይ ላይ ሲቆም ሰነበተ!» አለች ዘነበች። «ትናንት ብቻ አይደለም፣ ከትናንት በስቲያም። አናቱ ግሎ ነው የሚመጣው። ያንቺ ልጅ ጥላ ስላላት የኔ ይቀጣ?»

«የኔ ልጅ ማንን ትቀጣለች?»

«ሂጂና እዪዋ!»

ሁለቱም እየተጨቃጨቁ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አንዷ ስትተው ሌላዋ ትቀጥላለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ የእረፍት ደወል ተደውሎ ነበር። ሜዳው መሃል፣ ጥላው ውስጥ፣ ልጆች እንደ ንብ ይተራመሳሉ። ሮሆቦት ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ጥላ ከመሃላቸው አንዱን ታሳድዳለች። ከጥላው ውጭ፣ ጠራራው ላይ፣ አንድ ረጅም ልጅ እጁን አጣምሮ ቆሟል። የዘነበች ልጅ ባዬ ነው።

«ይኸው!» አለች ዘነበች። «ባዬ! ማነው እዚህ ያቆመህ?»

«ወጥቼ ነው» አለ ባዬ። «ከጥላው የወጣ ወድቋል። እስኪጨርሱ ፀሐይ ላይ ይቆማል።»

«ማነው እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው? ያቺ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለ ባዬ፤ በእናቱ ጥያቄ ተሰላችቷል። «ሮሆቦት መውጣት አትችልም አይደል? ስለዚህ ማንም አይወጣም።»

ጥላው ውስጥ አንድ ልጅ «ጥላው ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ፀሐዩ ዞር ብሎ ኖሮ የጥላው ጠርዝ ትንሽ ተንቀሳቅሷል፤ ልጆቹ ሁሉ ሳይባሉ እየተንጋጉ አብረውት ተጠጉ። ጨዋታው ቀጠለ።

ዘነበች ልጇን ልትጎትት የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ካሰችም መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት። የምትጮህበት ሰው ፈልጋ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አየች፣ ወደ ዘነበች አየች፣ ፀሐይ ላይ ወደ ቆመው ልጅ አየች። አንድም አላገኘችም።